ከበርጩማው ሥር

የአዲስ አበባ ትናንት ለኛ ዛሬ ነበር፤
አውቶብሱ ጭቃ ለብሶ ከመናኸሪያው በር
እስኪቆም ጠብቀን፣
እርጥብ ዜና እንቃርም ነበር ከሸራው ሥር ተጣብቀን።

ነዚፍ አባ ዱራ፣ የጋዜጣው አከራይ፣
ደመናው ከጅረን ቁልቁል ሲወርድ ሲያይ፣
"ረጥቧል እንጂ ደርሷል!" ይላል፤
ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ለተራ ያዢው ያድላል።
ለግማሽ ሰዓት ሃምሳ ሳንቲም፤
ማጠፍ ያስቀጣል፣ መቅደድ አይታሰብም።
ጎሚስታው ከአጂፕ፣ መምህሩ ከሂርማታ፣
ሎተሪ አዟሪዋ ዕጣዋን ትታ፤
አንዷ ጋዜጣ በቀን ሠላሳ እጅ ታያለች፣
ማታ እንደ አሮጌ ብር ለስልሳ ትገባለች።

እኔ ሳንቲም አልነበረኝም፤ ዓይን ግን ነበረኝ።
አናጢው ጋሽ ጡሃ፣ ሞራ ዓይኑን የጋረደው፣ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤
እሱ ይከፍላል፣ እኔ አነባለሁ፤
እሱ ቃሉን ያላምጣል፣ እኔ ቃሉን እለምዳለሁ።

ነዚፍ የሚቀመጥባት በርጩማ የጡሃ እጅ ሥራ ናት፤
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ሚስማር ያልነካት።
"አራት እግር ሜዳ ይመርጣል" ይል ነበር ጡሃ፣
"ሦስት እግር ግን ይቆማል፣ ጭቃም ይሁን ውሃ።"

ገጽ ስድስት ጥግ ላይ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይሰፋ፣
የሩቅ አገር ወሬ አለ፦ አንዱ ጋዜጠኛ ጠፋ፤
አንዷ በጻፈችው ታሠረች፤
አንዲት ማተሚያ ቤት ሌሊት ተቃጠለች።
ሌላው ኳሱን ያስቀድማል፤ ነዚፍ ወደ ጥጓ ሲያመራ፣
"ስሙን ቀስ ብለህ ድገምልኝ፤ ፊደል እንዳትዘል፣ አደራ።"
ምላሴን የሚሰብር ስም፣ እንደመሰለኝ እጠራለሁ፤
ይስቃል ብዬ ቀና ስል፣ ሲያጎነብስ አየዋለሁ።

አንድ ሳምንት ገጽ ሦስት ላይ ዓምዱ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
ያን ቀን ነው የተከራዩ ወረፋ እስከ አጥሩ የዞረ።
"ምን ይላል?" አለ ጡሃ። "ምንም የለበትም" ስለው፣
"እሱንም ጮክ ብለህ አንብበው።"

ሰኞ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው መጣ።
አልተቀመጠም። ሳንቲምም ከኪሱ አላወጣ።
"ገጽ ሦስትን ደጋግሞ የሚያነበው ማነው?" ሲል፣
ነዚፍ፣ ሸራውን ሲያስተካክል፣
"ጌታዬ፣ ወረቀት ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ ወረቀት ቆጥሬ እረከባለሁ፤
በዓይኑ ይዞት የሄደውን በየትኛው እጄ እቆጥራለሁ?"

ሰውየው ወደኔ ዞረ።
"አንተስ፣ ምን ታነባለህ?"
ጋዜጣው ጭኔ ላይ ነበር፤ ጣቴ አንድ ቃል ላይ።
"ማንበብ አልችልም" አልኩ።
ጋሽ ጡሃ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምንም አልተናገረ።

ረቡዕ አውቶብሱ ደረሰ፤ ገመዱን የሚበጥስ ጠፋ።
ጥቅሉ እንደታሰረ ዝናብ ጠጥቶ ተነፋ።
ሊስትሮው "ማታ ወሰዱት" አለ፣ ብሩሹን እያየ፤
ሌላ የጠየቀ የለም፤ ሰዉ በየጥጉ ተለየ።
በርጩማዋ ብቻ፣ ጭቃው ላይ ተገልብጣ፣
ሦስት እግሯን ወደ ሰማይ አውጥታ።

ጋሽ ጡሃ ዳሰሳት። ጣቱ ከሆዷ ላይ ተንሸራቶ ቆመ፤
"ይህን እኔ አልጠረብኩም" አለ። እጁ እዚያው ከረመ።
በሚስማር የተጫሩ ስሞች፦
ማርሴሊና። ኦክታይ። ቱን ዊን። ሌላም፣ ሌላም።
ከነስህተቴ፣ ከነመንተባተቤ፣ ያኔ እንደጠራኋቸው፤
በየአገሩ የታሠሩ፣ ጅማ ላይ እንጨት ያስጠጋቸው።

"አንብብልኝ" አለኝ።
ማንበብ የማልችለው እኔ፣ በዝናብ፣ ለሊስትሮውና ለሱ፣
ድምፄ እየሰለለ ጠራኋቸው፣ እስኪያልቁ፣ እስኪጨረሱ።

ሚስማሩ ጠርዙ ላይ ተሰክቶ ነበር። ነቀልኩት።
የነዚፍን ስም ግን አልጻፍኩም።
ይመለሳል ብዬ ይሆናል።
ፈርቼም ይሆናል።
ይኸው ስንት ክረምት፣ ኪሴን እየቀደደ፣
ሚስማሩ ከሱሪ ወደ ሱሪ ተሰደደ፤
የቱ እንደነበር እስካሁን አልለየሁም።