ስንተኛ ክፍል?

«ስንተኛ ክፍል ነው ልጅሽ?» ትለኛለች ወይዘሮ ደብሪቱ፣
ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ ዘንቢሏን ይዛ በጠዋቱ።
«አሁን ማድ ቤት ነው» አልኳት፤
ሳቀች፣ ቀልድ መሰላት።

ሚልኪያስ፣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣
ከማጠቢያው ሥር ተጋድሟል፣ ባትሪ ነክሶ፣ ውኃ እየወረደ ባንገቱ።
ጎማውን ሦስቴ ገጠመ፤ ሦስቴም አንጠባጠበ።
በአራተኛው ያዘለት፤ እሱ ግን አልጠገበ፣
ፈትቶ ዳግም ገጠመው፣ ለምን እንደያዘ ሊያውቅ፤
እኔ ሽሮ አማስላለሁ፣ ችኮላዬን ስደብቅ።

ሒሳባችን የቆጣሪ ካርድ ነው፦ መቶ ብር ስንት ቀን ያበራል?
ምድጃው አንድ ሰዓት ቢነድ ስንት ሌሊት ይበላል?
ፈተናስ ሲመጣ? እያልኩ እጠይቃለሁ ራሴን፤
መልስ የለኝም፤ ከገመዱ ላይ አወርዳለሁ ልብሴን።

የካ አባዶ ውኃ የሚመጣው በሌሊት ነው፣ በፈረቃ፤
ጀሪካን ደርድረን ስንጠብቅ ያነብልኛል፣ እንድነቃ።
መጽሐፉ ሽፋን የለው፤ መጨረሻውም ተገንጥሏል፣
«በሠላሳ ብር ውሰጂው» ብሎ ሻጩ ለቆልኛል።
ሴትዮዋ በሩ ጋ ቆማለች፤ ሰው ሲያንኳኳ ይሰማታል፤
ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም። ታሪኩ እዚያ ይቆማል።

«ትከፍታለች» አልኩ። «አትከፍትም» አለኝ።
«ማስረጃ?» አልኩት፤ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጦ አሳየኝ።
«ይኸው፣ ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ጥላው ነበር ከጅምሩ፤
አንቺ ጀሪካን ስትቀይሪ አመለጠሽ ነገሩ።»

ተቀበልኩትና መስመሩን በጣቴ ይዤ ደገምኩት፤
ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ሰማሁ፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋሁት።