አስራ አራተኛዋ ጥያቄ

መጀመሪያ ሲመጣ ምንይችል ከፔዳ፣
አንገቱ ላይ ካርድ፣ እጁ ላይ ሰሌዳ፣
ከሽመናው አዳራሽ ከበሩ ላይ ቆሞ
ትንሽ መለኪያውን እንደ ጧፍ አስቀድሞ
«ዘጠና ስምንት» አለ፤ ጻፈና ቁጥሩን።
እኔ የት ሰምቼ! ያየሁት ከንፈሩን።

ሃያ ጥያቄ ነው፣ ከአንድ እስከ አምስት ክበብ፤
ማሽኔን አቁሜ መች ጊዜ አለኝ ላነብ?
ሞላሁለት ቆሜ፣ ክር እየተበጠሰ፤
አስራ አራት ላይ ሲደርስ እጄ ተመለሰ።
«ቤት ሲገቡ ድምፅዎ ይጨምራል ወይ?» ይላል።
ባዶውን ተውኩለት። ይኼስ ምን ይባላል?

ከእሱ በፊት መጥቷል፣ አይቆጠርም ስንቱ፤
«ይኼም ዓባይ ነው» ብላለች ደጊቱ፣
«ጣናን ያቋርጣል ውሃው ሳይደባለቅ፤
እኛን አቋርጦ ነው በማዕረግ የሚመረቅ።»

መስከረም ላይ መጣ፣ በሌሊት ፈረቃ፤
ያ ሰሌዳ የለም፤ የለም ያ ዕቃ።
መዳፉን ወስጄ ብረቱ ላይ ጫንኩት፣
ክር ሊበጠስ ሲል ነው፣ ይኼን ጠብቅ አልኩት።
ደነገጠ፤ ገባው። የሰማሁት ሁሉ
በአጥንቴ እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ።

ቋንቋችንን ለመደ። ሁለት ጣት፦ ክር አለቀ።
ቡጢ፦ አለቃ መጣ። (እሱን ቶሎ አወቀ።)
መዳፍ ጉንጭ ላይ፦ በቃ፣ ፈረቃው ደረሰ።
እሷን ሲያሳስታት በሳቅ ሰው ጨረሰ።

ሲነጋ ወጣን አብረን በዘንባባው መንገድ፤
ከሐይቁ ዳር ወፎች ተነሱ ለመሄድ።
«ሰማሻቸው?» አለኝ። «ክንፋቸውን አየሁ።»
ዝም አለ። እኔም እዚያው ዝም ብዬ ቆየሁ።

ከዚያ ስብሰባ ሆነ፣ ከላይ ከአለቆች ቢሮ፤
ጸጥታው ከብዶኛል፣ ይጮኻል በጆሮ።
ተናገሪ ሲሉኝ ለካ ጮኼ ኖሯል፤
ሥራ አስኪያጁ «ቁጣው ምን ያደርጋል?» ብሏል።
ምንይችል ዝም አለ። ቁጥሩን አልጠራውም።
ሁለት ጣት አነሳ፤ ሥራ አስኪያጅ አልገባውም።
እኔ መለስኩለት፤ ደጊቱም ቀጠለች፤
ክፍሏ ሙሉ እጅ ሆነች፣ ድምፅ እያጣች ዋለች።
«ምን አለች?» ሲል ዞሮ ምንይችልን ጠየቀው፤
ይህን ቃል ስንት ዘመን ጆሮዬ ጠበቀው።

ብዙም አላገኘን፦ ለአርባ ማሽን ጎማ፤
የጆሮ መድፈኛው ወሬውም አልተሰማ።
ጽሑፉን አመጣው፣ በአማርኛ መልሶ፤
ደጊቱ አረመችው፤ ወሰደው ቀንሶ።

አስራ አራተኛዋ ግን ዛሬም ባዶ ናት።
ሲነጋ ቤት ገብቼ ልጄን ስጠራት
ጆሮዋን ትይዛለች። ከዚያ ትስቃለች።
መዳፏን ጉንጯ ላይ ታስደግፋለች፦
ፈረቃሽ ደረሰ? ወይስ ተኚ ነው ያለች?