ፒፓ ባቡር አይደል

ከሌሊቱ ስምንት፥ ፈረቃው ሲፈታ፥
ከስንዴው ጎተራ፥ ነፋስ በማይመታ፥
ታንደር ቤይ ወደብ ላይ፥ ሁለት ባልዲ ገልብጠን፥
እኔና ቬይኮ ነን፥ ፒፓችንን ጨብጠን።

የገዛሁት ፒፓ፥ የሁለት ቀን ደሞዝ፥
አምሮብኝ ነበረ፥ እስኪያመጣ መዘዝ።
ትምባሆውን ጭኜ፥ እንደ ገብስ ጆንያ፥
ረግጬ ጠቅጥቄ፥ እስከ አፉ መክደኛ፥
ማግ፥ ማግ፥ ማግ አረግኩት፥ ጉንጬ እስኪጎደጉድ፤
ምላሴ ፈላብኝ፥ ጀመረኝ መንደድ።

ቬይኮ አልሳቀብኝም። የፊንላንዶች ዘር ነው፥
ሳቁን ለበጋ ነው፥ የሚያስቀምጠው።
ጥቂት ቆየና እንዲህ፦ «ፒፓ ባቡር አይደል፤
የሚደርስበት የለም፥ ምን ያስቸኩልሃል?»

ከእጄ ላይ ወስዶ፥ አራገፈው ባዶ፥
ዞረ በአፉ ዙሪያ፥ ያ አውራ ጣቱ፥ የሰነጠቀው በረዶ፤
«መጀመሪያ ጣለው፥ ዝም ብለህ በትነህ፥
እንደ ዘር ይውደቅ እንጂ፥ አትግፋው ጨክነህ።
ቀጥሎ ጨምርና፥ እንደ ሊጥ ነካ አርገው፤
ይስረግ፥ ግን ይነሳ፥ ጣትህ ሲለቀው።
የላዩን ጠበቅ አርግ፤ ሳትለኩስ ሳበው፤
ነፋሱ ቀሎ ከመጣ፥ በቃ፥ እሱ ነው።»

ክብሪት ጫረልኝና፥ አዞረው ባፉ፥
ቅጠሉ ተነሳ፥ ተጠማዘዘ ጫፉ፤
ወዲያው ጠፋ። ደነገጥኩ። «ይጥፋ» አለኝ፥ «ይጥፋ፥
የመጀመሪያው እሳት፥ ሥራው ነው ሊጠፋ።
አመዱን ዳበስ አርግ፥ ሁለተኛ ለኩስ።
ከዚያ ግን ተንፍስበት፥ እንደተኛ ፈረስ።
ጎኑ እጅህን ካቃጠለ፥ ፈጥነሃል ማለት ነው፤
ባልዲው ላይ አስቀምጠው፥ ይብረድ፥ ማን ሊሰርቀው?
ሳይበርድ አትንቀለው፥ አንገቱ ይሰበራል፤
የኔ ሁለት ሄደዋል፥ ሦስተኛው ያሳዝናል።»

ሐይቁ ላይ መርከብ፥ ጮኸ አንዴ በረጅሙ፤
ቀና አላልንም። ጢሱ ቀጠነ እንደ ክር፥ ያኔ ገባኝ ጣዕሙ፦
የደረቀ በለስ፥ ዝናም የነካው ሣር፥
ትንሽም የጫማ ቤት፥ ቆዳ የሚገፈፍበት በር።

ውለታ ልመልስ፥ ክብሪት ጫርኩለት፥
እጁን አነሳብኝ፥ በትልቅ ትዕግሥት።
«ሐኪም ከከለከለኝ፥ አራት ዓመቴ ነው፤
ይኸው፥ መሙላቱን ግን፥ ሊከለክል ረሳው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት፦ ቅጠሉ እንዳለ ነው፥ እሳት ያልነካካ፤
ስንት ሌሊት ሙሉ፥ አጠገቤ ሲያጤስ፥ ምንም አያጤስ ለካ።
ቃል ፈልጌ ሳጣ፥
ክብሪቱ ነዶ ነዶ፥ ጣቴ ጫፍ ሲቃጠል፥
«አሁን» አለኝ ቬይኮ፥ «አሁን ነው መቸኮል።»