ድልድይ ቁጥር ሠላሳ አንድ

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ቆመው፣
የድንች ሰላጣ በወረቀት ሳህን ተሸክመው፣
ስለ ኤልደን ትቬይት ያወራሉ ሰዎች፤
ስለ ጠጠር መንገድ፣ ስለዚያ ዓመት በረዶዎች።
ሠላሳ አራት ዓመት የአውራጃው መሐንዲስ፣
የመቶ ሰባት ድልድይ ዘበኛ፣ ጡረታው እስኪደርስ።
አንድ በቆሎ አራሽ ባርኔጣውን አውልቆ፣
«በጎርፉ ሌሊት ደጄ መጣ» አለ፣ «እስከ ብብቱ ጠልቆ።»

እውነት ነው ሁሉም። እኔ ግን የያዝኩት
ሌላ ነው፤ በዚህ ቤት ለማንም ያልነገርኩት።

እናቴን ማርደልን ሲያገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤
በሬን ዘግቼ እውል ነበር፣ ከማንም ሳልነጋገር።
«አባዬ በለኝ» አላለም። ና ብሎም አልጎተተኝ።
በጣቱ አንጓ ሁለቴ ኳ፣ ኳ አድርጎ ይተወኝ
ነበር። የትምህርት ቤት ቅጽ ሲመጣ፣ ስሙን ይፈርምና
«ዝምድና» የሚለውን ባዶ ይተወዋል፤ «እሱን አንተ ሙላው» ይልና
ወደ ጋራዡ ይሄዳል።
                    ድልድይ ሲመረምርም ያው ነው ልማዱ፤
በትንሽ መዶሻ ኮንክሪቱን እየመታ፣ ቀስ ብሎ መሄዱ፣
ጆሮውን አዘንብሎ። ደህናው ክው ብሎ ይመልሳል፤
ውስጡ የተበላው ግን እንደ ባዶ ጣሳ ያለቅሳል።
በእኔም በር ላይ ቆሞ ያዳምጥ እንደነበር
አሁን ነው የገባኝ፣ እሱ ከገባ አፈር።

አሥራ አንድ የሞላሁ ቀን የወለደኝ ሊመጣ ነው ተብሎ፣
ሸሚዜ ተተኩሶ፣ ፀጉሬ በውሃ ተለጥፎ፣ ዓይኔ መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣
ከቀትር እስከ ማታ አቧራ ጠበቅሁ፣ የመኪና አቧራ፣
በምዕራብ በኩል፣ ከበቆሎው ማዶ፣ ከእህል ጎተራው ጋራ።
ሻማው ሳይበራ የኬኩ ክሬም ቀልጦ ወረደ፤
እናቴ ደጋግማ ደወለች፤ ማንም አላነሳም፤ ፊቷ ነደደ።
ኤልደን ከሥራ ገባ። ቦት ጫማውን በር ላይ አወለቀ።
አየኝ። መስኮቱን አየ። እጁን በፎጣ ደጋግሞ አደረቀ።
«ሠላሳ አንድን ውሃ ሄዶበታል» አለኝ፣
«እኔው ነኝ የዘጋሁት። አባትህ ከማዶ ደርሶ ተመልሶ ይሆናል፤ እኔን ውቀሰኝ።»
በዚያች ማታ ወንዙን እንጂ አባቴን አልጠላሁ፤
ሁለት ቁራሽ ኬክ፣ ሳልቆጥር ሦስተኛ፣ በላሁ።

የድልድይ ነገር ዋሽቶ የማያውቅ ሰው!
ኮሚሽነሮቹ «የጭነት ልኩን ጨምርልን» ሲሉት፣ በስኳር ባቄላ ጫኝ ተገፋፍተው፣
«አሥራ ሁለት ቶን ነው» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ የወጣ፣
ምርጫ ይምጣ፣ ቁጣ ይምጣ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮውን ሳጸዳ ደብተሮቹን አገኘሁ፤
ሽፋናቸው ቢጫ፣ ጽሑፋቸው እርሳስ። ያን ቀን ፈለግሁ።

    «ጁላይ 19። ድልድይ 31። ወለሉ ደረቅ።
    ውሃው ከተሸካሚው ብረት ስድስት ጫማ ዝቅ ያለ። ክፍት ነው።
    ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ።
    ከምዕራብ የመጣ መኪና የለም።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ። በዚያ ፀሐይ። ሊለምነው ነበር?
መንገድ ሊያሳየው? ሊሰድበው? አላውቅም። ደብተሩ ያንን አይናገር።
በአፉ ለእኔ ዋሸ፤ በእርሳሱ ግን አልዋሸም፤
ገጹን ቀዶ ሊጥለው ይችል ነበር፤ አልጣለውም።

ከመቃብር ስንመለስ ሠላሳ አንድን ተሻገርን በዝግታ፤
ጎማው መጋጠሚያው ላይ ሁለቴ አንኳኳ፤ ኳ፣ ኳ፤ እንደ ጥንቱ ማታ።
እህቴ ጆሊን መሪውን ይዛ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አይታ፣
«ምን ይላል?» አለችኝ።
ወንዙ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ያብረቀርቃል በጸጥታ።
«ምንም» አልኳት። «የውሃ ልክ ነው።»