ክሊራንስ

ሰኔ ሠላሳ ቀን፣ ሐዋሳ፣ ዝናብ ባጠበው ሜዳ፣
ቆሟል እንደ ልማዱ ሦስት አራት አባ ኮዳ፤
ራሰ በራ ሁላ፣ ትከሻውን የሰቀለ፣
ኮቱን እንደደረበ የመስመር ዳኛ የመሰለ።
ላሚሶ ዛሬ ወደዚያ አላየም።
ወደ እኔ መስኮት መጣ፣ ቅጹን በላስቲክ ይዞ፣
እንደ ተመራቂ ልጅ ጥቂት ተክዞ።
«ክሊራንስ» አለኝ።

ይህን ቃል ሰምቻለሁ ከስንት ሺህ ተማሪ አፍ፤
ከአሰልጣኝ ላሚሶ ስሰማው ግን ብዕሬ አልቻለም መጻፍ።

እኔ ኳስ አላውቅም፤
ኦፍሳይድን በጨውና በበርበሬ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ቢያስረዱኝም አልገባኝም፤
የዚህን ሰው ዕድሜ ግን ከመዝገቤ በላይ የሚያውቅ የለም።

መስከረም ዘጠና አንድ፣ ግቢው ገና ኮሌጅ ሳለ፦
ኳስ ሁለት፣ ማሊያ አሥራ ስድስት፣ ኖራ ግማሽ ኩንታል፣
ፊሽካ አንድ። ወጪ በሞዴል ሃያ ሁለት። የፊርማው ጅራት እንኳ ይኮራል።

በዘጠና ስድስት፣ ጓንት አንድ ጥንድ፣ ትልቁ ቁጥር፣ ለኡጁሉ፤
በረኛ ነው፣ የጋምቤላ ልጅ፤ ክንዱ ከቋሚ ቋሚ ይደርሳል አሉ።
ያ ዓመት ነው አዳማ ላይ ዋንጫው በመለያ ምት የቀረ፤
አውቶቡሱ ሌሊት ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበረ።
በነጋታው ማሊያ መለሰ፤ አሳጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ፤
«አንድ ቁጥር ጠፋ በዪው» አለኝ፣ ዓይኑ ከዓይኔ አልፎ።
«ከደሞዜ ይቆረጥ።»
ቆረጥነው።
በሐምሌ ኡጁሉን አውቶቡስ ተራ ሲያልፍ አየሁት፤
የሻንጣው ዚፕ አልገጠመም፣ ቢጫ እጅጌ ወጥቶበት።

ከዚያ ወዲያ በየሰኔው አንድ ማሊያ ጠፋ፤
ሰባት ቁጥር። አሥራ አንድ። ሦስት ቁጥር ሁለቴ። የተቆራጩ ረድፍ ሰፋ።

በሁለት ሺህ አንድ፣ ፋሻ ሦስት ጥቅል፣ ለከሊፋ ጉልበት፤
ልጁ ዳግም አልሮጠም፤ ላሚሶ ግን ሰዓት ያዥ አደረገው፣ እንዳይከፋበት።

የክለብ አሰልጣኝ ተጫዋቹ ያረጅበታል፤
የእሱ ልጆች ሁሌም ሃያ ዓመት ናቸው፤ ሲበስሉ ይሄዱበታል፤
ከመስመሩ ዳር ቆሞ ያረጀው እሱ ብቻ ነው፣
ጉልበቱን እያሸ፣ ታቦርን ደመና ሲጋርደው።

አንዴ አንድ የከተማ ክለብ ጠራው፤ ሦስት ወር መዝገቤ ባዶ ሆነ፤
በአራተኛው መስኮቴ ላይ ቆመ፣ ኳስ ለመነ።
«ምነው?» ብለው፣ «እዚያ ልጆቹ ፈተና የለባቸውም» አለኝ፤
ይህም እንደ ኦፍሳይዱ እስከ ዛሬ አልገባኝ።

ጥብስ አሳ ያበላቸዋል አሞራ ገደል፣ ሲያሸንፉ፤
ያንኑ አሳ ያበላቸዋል ሲሸነፉ፤
ይህንን አሳ ሻጮቹ ይጻፉ።

ዛሬ ደምሬ ጨረስኩ፤ ኳስ ገቢ፣ መረብ ገቢ፣ ኮን ገቢ፤
ሃያ አንድ ማሊያ፣ በኮሮናው ዓመት ብቻ ያልጠፋ፣ ዋጋው ገቢ።
አንድ ነገር ቀረ፦ ፊሽካ አንድ፣ ወጪ በዘጠና አንድ።
ከአንገቱ ሊያወልቀው ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ላይ ያዘው ገመድ።
«ተወው» አልኩት።
ጠፋ ብዬ ጻፍኩ። «አሰልጣኝ ላሚሶ ከንብረት ዕዳ
ነጻ ናቸው።» ማኅተም መታሁ። ወጣ፣ ወደ ሜዳ።

አባ ኮዳዎቹ መንገድ አልለቀቁለትም፤ ዞሯቸው አለፈ።
በሐምሌ ደሞዜ ላይ፣ ተቆራጭ በሚለው ረድፍ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተጻፈ።
በዘጠና አንድ አራት ብር ነበር፤ ደንቡ የዛሬውን ገበያ ወደደ።
ይሁን።
ኦፍሳይዱን ግን ሳልጠይቀው ሄደ።