ሦስት ፕሮፎርማ

ጥር ሊያልቅ ሲል ነው፣ የደብረ ማርቆስ ጥር፤
ነፋስ ከጮቄ ላይ ወርዶ ሲሽከረከር፣
የመናኸሪያው ትቢያ በመስኮት ሲሻገር።
የልጆች ማንበቢያ ክፍላችን ምንጣፉ
መልኩ ከጠፋበት ዓመታት አለፉ።
ሰማያዊ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤
ልጆቹ ግን፣ ያዩት፣ ቡኒ ነው ይላሉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጻፉልኝ፣
ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ፦
«ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከረጢት የሌለው
የአቧራ መምጠጫ፣ ዋጋው የሚቀለው፣
ከሦስት ሱቅ አምጣና አወዳድረህ ለየው።»
እኔ ግዢ ክፍል ነኝ፤ ሠንጠረዥ ነው ሥራዬ፤
አራት ዓምድ አሰመርኩ በላስቲክ ማስመሪያዬ፦
ዋጋ፣ ገመድ፣ ማጣሪያ፣ ዋስትና።
ሌላ የሚጠየቅ ምን አለና።

ቀዩ ከልየው ሱቅ፣ ከምስማር ጎን ቆሞ፣ ራሱ አቧራ ጠጥቶ፤
ዋጋው በጠመኔ፦ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ።
ማጣሪያው ስፖንጅ ነው፤ በውኃ ይታጠባል፤
ገመዱ ከሶኬት በሩ ላይ ይቀራል፤
ሲነሣ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ያስንቃል።
ዋስትናስ? ስለው «እኔ አለሁ» ይላል።

ግራጫው አሥራ አራት ሺህ ከአምስት መቶ ተባለ፤
ሰባት ሜትር ገመድ፣ የሚሽከረከር ብሩሽ አለ፤
ሁለት ሊትር የሚይዝ ጣሳው ብርጭቆ መሰለ።
ዋስትናው አንድ ዓመት፤ ግርጌው ላይ በደቃቅ
«ባሕር ዳር ይምጡ» ይላል፤ ያነበበ ይወቅ።

ሐምራዊው ሃያ አንድ ሺህ ከሦስት መቶ ነው፤
ሻጯ ስታስረዳ ሥራ ፈት ከበበው፦
«አየሩን በውስጡ እንደ አውሎ ያዞራል፤
አቧራው ይወድቃል፣ ንጹሑ ይወጣል፤
አንገቱ ይታጠፋል፣ ከመደርደሪያ ሥር ይገባል፤
ግንባሩ ላይ መብራት፤ በጨለማ ያያል።»
መብራት ካለው እሱ፣ አልኩኝ በሆዴ፣
ለቀበሌው ያውስ፣ ማታ ማታ አንዳንዴ።
ሦስቱም ከረጢት የላቸውም፤ አይባልም ውሸት፤
የሚራቆተው የኛው ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ከረጢት።

ሠንጠረዡ ሞላ። ደንቡ ግልጽ ነውና
ትንሹ ዋጋ ያልፋል፤ ቀዩ አሸነፈና
ልፈርም ስል፣
ግራጫውን ለሙከራ ሻጩ ልኮት ነበርና
ይመኙሻል ገባች።

ይመኙሻል ማለት፣ አሥራ ሰባት ዓመት
በመጥረጊያ ጎንብሳ የኖረች እዚህ ቤት፤
ኮሚቴው አምስት ሰው፤ እሷ የለችበት።
ጫማዋን አውልቃ ቁልፉን ተጫነች፤
አንድ ጊዜ ሄደች፤ አንድ ጊዜ መጣች።
ቆመች።
ጣሳውን ነቅላ ወደ መስኮት ወሰደች።

በግልጹ ላስቲክ ውስጥ ብርሃን ሲገባ፦
የእርሳስ ቅርፊት፣ ቁልፍ፣ የገብስ ገለባ፣
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር፣
አምና የጠፋች የላስቲክ ፊደል፣ «ሐ»፣ ሦስት እግር፣
የተረፈው አፈር። የጓሮ ቀይ አፈር።
«ስጠርግ አይታይም» አለች፣ «የሚታየው
ያልጠረግሁ ዕለት ነው።
አሥራ ሰባት ዓመት ስወጣ ስገባ
ሥራዬን ዛሬ ነው በዓይኔ የማየው።»
ፊደሏን አወጣች፤ በቀሚሷ ጠርጋ
ከእኅቶቿ ተርታ አኖረቻት፣ አስጠግታ።

ወደ ሠንጠረዤ ተመለስኩ፤ አምስተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤
ርእሱን ግን አጣሁት፤ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።
የቀዩ ጣሳ ጥቁር ነው፤ አያሳይም ውስጡን፤
ይህን ለኦዲተር ምን ብዬ ላስረዳ አሁን?
እሷ ልትቀጥል ስትል መብራት ሄደ።

ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሳምንት አለፈው።
ምንጣፉ ላይ አንድ መስመር አለ፣ ክንድ የማይሞላ ስፋቱ፣
ከበሩ እስከ መስኮቱ፣
ሰማያዊ።
ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ
ጨሞጋ ነው ይላሉ፤
ይዘሉታል።