ፍቺ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከላስቲክ ጥላ ሥር፣
ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ዓመት ስኖር
ያልጻፍኩት የለኝም፤ ወሰኑን፣ ውርሱን፣ ብድሩን በተራ ሳሰፍር፤
ከሁሉ የሚበዛው ግን የፍቺ ነገር።

የጅማ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ
"ቤቶች" እንኳ አይልም። በላስቲኬ ጣጣ
ላፕቶፔ ውሃ ጠጣ።

ፈረንጅ አራዳ ያለው ጠጋኝ ተቀብሎ አየና፣
እንደ ሐብሐብ ገዢ በጣቱ አንኳኳና፣
"የታሸገ ነው" አለኝ፤ "መክፈቻም የለውም፤
ባትሪው በሙጫ ነው፤ ብንነካው አይተርፍም፤
አዲስ ግዛ፣ ጋሼ።"
አዲስ?
በገጽ መቶ ብር ነው የማገኘው። ታዲያ አዲስ
እንድገዛ ብዬ ስንት ትዳር ይፍረስ?

ሂርማታ ገበያ፣ ከበርጩማው ተራ ጀርባ፣
ጎንበስ ካላሉ በቀር የማታስገባ
ሱቅ አለች፤ የረውዳ አባጊሳ፤
ካቻቢቴ በእጇ፣ ከጎኗ ያልተነካ ምሳ።

የእኔን አልነካችም። የራሷን አወጣች፤
አምስት ብሎን ፈታች፤
የፊደል ገበታውን እንደ ድስት ክዳን አነሣች።
ውስጡ ግቢ ይመስላል፤ ሁሉም በየክፍሉ፤
ማራገቢያው ጥጉን ይዞ፣ ባትሪው መሐል ላይ ከነሙሉ አካሉ፤
ከእያንዳንዱ ጎን ቀስት አለ፤ ደቃቅ ጽሑፎች አሉ፤
"በዚህ በኩል ፍቱኝ" የሚሉ።

"ስክሪኑ አምና ተሰነጠቀ፤
ስክሪኑን ለወጥኩ፤ ሌላው መቼ ወደቀ?
ሚሞሪው ሲያንሰኝ ጨመርኩበት፤
መሰኪያው ሲላላ ነቅዬ ሌላ ተካሁበት፤
አንድ ክፍል ቢያፈስ ይናዳል ወይ ቤት?
ውጭ ተቀምጦ አባቴ የሚፈለፍለው በርጩማ
ከአንድ ግንድ ነው፤ ሚስማር የለው፣ መጋጠሚያ የለው፤ ያምራል፤ የጅማ!
አንድ እግሩ ሲሰበር ግን... አይቀየርማ።
ራሱ ነው የሚማግደው።"

ሽማግሌው ሰማ፤ መሮውን አስቀመጠ።
"ተዋት" አለ፤ "ገና በልጅነት ሰዓቴን ፈታች፤
ሬዲዮዬን ፈታች፤
አድጋም፣ ባሏን ፈታች!"
ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። ብሎኖቿን ቆጠረች።

ያኔ ነው የታወሰኝ፤ ድምጿ፣ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ።
ያንን ማመልከቻ የጻፍኩት
እኔ ነበርኩ። ሁለት ገጽ። ሂሳቡን ቆጥሬ ተቀበልኩት።
"ገና ስትገባ አውቄሃለሁ" አለች። "ጥሩ አድርገህ ነበር የጻፍከው።
እኔም ሞክሬ ነበር፤ ዙሪያውን ዳስሼ
ካቻቢቴ የሚገባበት አጣሁ።"
የእኔን ላፕቶፕ አነሣች፤ ጎኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤
"እንዲህ ነበር።"

የእኔ አልተረፈም። በሙቀት ስትገልጠው ባትሪው አብጦ ነበር።
ሚሞሪውን ብቻ በክብሪት ቀፎ ሰጠችኝ፣ ከአራት ብሎን ጋር።

የእሷን ዓይነት በየወሩ እንደ ዕቁብ ገዛሁ፤
በመስከረም ገላውን፣
በጥቅምት ባትሪውን፣
በኅዳር፣ አንድ ተማሪ የሸጠውን ስክሪን፤
የድሮው ሚሞሪ ከክብሪት ቀፎው ወጥቶ ገባበት፤
የነጽሑፌ፣ የሰው ሁሉ ክስ እዚያው ነበረበት።

ትናንት የ"ፈ" ቁልፍ አልወርድ አለች፤
ባለጉዳይ ቆማ ትጠብቃለች።
ብሎኖቹን ራሴ ፈታሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አንዷ ጭቃ ላይ ወድቃ በስንት ፍለጋ ተገኘች።
ከቁልፏ ሥር የወጣው
አንዲት የቆሎ ገለባ።

"ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ ሴትዮዋ፣ ጃንጥላዋን እያጠፈች።

"ተፈታ" አልኳት።